ያውቁ ኖሯል? የእጀታ ነገር፤ ከባልጩት መፋቂያ እስከ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ

ሀዲያ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች በድንጋይ ሲሠሩ መኖራቸውን ያውቁ ኖሯል? ድንጋዩ ባልጩት ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ጥቁርና አብለጭላጭ፣ በሚያውቅ እጅ ሲፈለጥ ከምላጭ የማያንስ ስለት የሚያወጣ። ባለሙያው ይፈልጠዋል፤ ጠርዙን ያበጃል፤ በእንጨት እጀታ ውስጥ በተቦረቦረ ጉድጓድ ይሰካዋል፤ በቀለጠ የዛፍ ሙጫ ያጣብቀዋል። ከዚያ የተወጠረው የከብት ቆዳ ሥጋውና ስቡ እስኪለቅ ድረስ ይፋቃል። ዮናታን ሳህሌና አጋዚ ነጋሽ የተባሉት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ይህን ሥራ ከባለሙያዎቹ ጋር ሆነው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙ። በ2012 ደግሞ ከዴቪድ ብራውን ጋር ሌላ ጥናት አወጡ። ነገሩ ከጥንት የተወራ ተረት አይደለም፤ በእኛው ዘመን፣ በሞባይል ስልክ ዘመን፣ በዓይን የታየና በመለኪያ የተለካ ሥራ ነው።

በዚህ መሣሪያ ቶሎ የሚያልቀው ድንጋዩ ነው፤ ዕድሜ ያለው እጀታው ነው። ባልጩቱ በፋቀ ቁጥር ይደንዛል። ሲደንዝ ከእጀታው ሳይወጣ ጠርዙ እየተሸራረፈ ይሳላል። በተሳለ ቁጥር ያጥራል። ወደ እንጨቱ እየተጠጋ መጥቶ የሚፍቅበት ጠርዝ ሲያጣ ሙጫው በእሳት ይለሰልሳል፤ አሮጌው ድንጋይ ይነቀላል፤ አዲሱ ይገባል። እጀታው ግን ያው የቀድሞው ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር አርኪዮሎጂስቶች በጣም ይፈልጉታል። አንድ ባልጩት ሲጣል ምን ያህል አጥሮ እንደሚጣል የሚወስነው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ የገባበት እጀታም ይወስናል። ታዲያ ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሰው የጣለው ድንጋይ ሲገኝ፣ እንጨቱ በስብሶ ስለሚጠፋ ተመራማሪው ግማሹን መሣሪያ ብቻ ነው የሚያየው። የጎደለውን ግማሽ ሊያስረዳው የሚችለው ዛሬም እጀታ እየገጠመ የሚሠራ ሰው ነው። የሀዲያው ቆዳ ፋቂ ለዓለም ሳይንስ መምህር ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥንታዊነቱንስ ያውቁ ኖሯል? ከሆሳዕና ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ጋደሞታ የሚባል ቦታ አለ። ከዚያ በተገኙ የባልጩት ጫፎች ላይ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ድንጋዮቹ በእንጨት ላይ ተገጥመው እንደ ጦር የተወረወሩ መሆናቸውን ከስብራታቸው ዓይነት ተነሥተው ተከራክረዋል። ዕድሜያቸው ከ279,000 ዓመት በላይ ነው። ድንጋይንና እንጨትን አጋጥሞ አንድ መሣሪያ ማድረግ የሰው ልጅ ከሠራቸው ትልልቅ ፈጠራዎች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ባሕርያቸው የማይገናኝ ነገሮችን አስቀድሞ በሐሳብ ማጋባት ይጠይቃል። የዚህ ማስረጃ ከእኛው ስምጥ ሸለቆ መውጣቱ፣ ሥራውም በዚሁ አካባቢ ደጋ ላይ እስከ ትናንት መታየቱ ሊያኮራን ይገባል።

ከሀዲያ ውጭም፣ ጋሞ ላይ ሁለት ዓይነት የመፋቂያ እጀታ ተመዝግቧል። አንደኛው ድንጋዩ በግራና በቀኝ በጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በሙጫ የሚታሸግበት ነው፤ ሁለተኛው ሙጫ የሌለው፣ ድንጋዩ በተሰነጠቀ እንጨት ተጨብጦ የሚታሰርበት። ኮንሶ ላይ ደግሞ ይህን የድንጋይ ሥራ ይዘው የኖሩት ሴቶች ናቸው። «የድንጋይ መሣሪያ የወንድ ሥራ ነው» የሚለው የቆየ ግምት በኮንሶ ሴቶች ምክንያት ተፈትኗል።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ብረት የያዘ መሣሪያ ሁሉ ከእጅ ጋር የሚገናኘው በአራት ዓይነት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። የብረቱ ጭራ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ ማጭድና ብዙው ቢላ እንዲህ ነው። ወይም እንጨቱ ብረቱ ውስጥ ይገባል፤ መጥረቢያና ዶማ። ወይም ሁለት የእንጨት ገበታዎች ብረቱን ከግራና ከቀኝ አቅፈው በሚስማር ይያያዛሉ፤ ገጀራን ይመልከቱ። አለዚያም በጠፍር ይታሰራል። ሽጉጥ ከገጀራ ወገን ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የማጭድ ጭራ እንዴት እንጨት ውስጥ እንደሚቀመጥ አይተው ያውቃሉ? አንጥረኛው ጭራውን ያግለውና በመጠኑ በተበሳ እንጨት ውስጥ ይሰደዋል። የጋለው ብረት መንገዱን እያቃጠለ ይገባል፤ ቀዳዳው በትክክል የዚያን ብረት ቅርጽ ይይዛል። መሰርሰሪያ ክብ ቀዳዳ ብቻ ስለሚያወጣ አራት ማዕዘን ያለውን ጭራ እንዲህ አያቅፍም። አብዝቶ ካጋለው ግን እንጨቱ ከሰል ሆኖ ይላላል። መጠኑን የሚያውቀው እጁ ነው።

የዶማና የመጥረቢያ አገጣጠም አንድ ይመስላል፤ አይደለም። የዶማው ቀዳዳ ወደ አንድ ወገን ሰፋ ያለ ነው፤ እንጨቱ ከላይ ገብቶ ወፍራም ጫፉ ላይ ይቀረቀራል፤ በቆፈሩ ቁጥር ይጠብቃል፤ ሲሰበርም ያለ ችግር አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል። የመጥረቢያው ዛቢያ ግን ከታች ገብቶ ጫፉ ላይ ይሰነጠቅና ሽብልቅ ይመታበታል። ሽብልቁ ካልጠበቀ ብረቱ በአየር ላይ ይለቃል፤ ከፊት የቆመ ሰው ደግሞ ዋጋውን ይከፍላል።

የመጥረቢያ ዛቢያ ለምን ሞላላ ሆነ? ዓይን ጨፍነው ቢጨብጡት እንኳ ስለቱ ወዴት እንደ ዞረ እጅዎ እንዲያውቅ ነው። ክብ እንጨት በመዳፍ ውስጥ ይዞራል። በጭብጥ ሙሉ ለሚያዝ መሣሪያ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ለብዙ ሰው ይስማማዋል። ከዚህ ሲቀጥን ጣቶች መዳፍን ይነካሉ፤ ሲወፍር ጣቶች ሳይገጥሙ ይቀራሉ፤ በሁለቱም ክንድ በከንቱ ይደክማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የገበያ ዶማ ሁሉ በአንድ ልክ እንጨት ሲገጠም፣ ያው እንጨት ለአባወራው፣ ለሚስቱና ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ይሰጣል። ሦስት የተለያየ እጅ ነው። አናጢ ባለበት ከተማ ለየሰዉ ማስጠረብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያድነው ወገብና አንጓ ግን ብዙ ነው።

ለእጀታ የሚሆን እንጨት የትኛው ነው? ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ክትክታ ቁጥቋጦ ቢሆንም ጽኑ ነው፤ ለትንንሽ መሣሪያ እጀታ ደጋውም ወይና ደጋውም ይመርጠዋል። ዋንዛ ለበርና ለዕቃ ሲሆን ውብ ነው፤ ለመጥረቢያ ዛቢያ ግን ይለሰልሳል። ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ሲሆን፣ ዛሬ በሆሳዕናም በዱራሜም በሾኔም የሚሸጠውን እጀታ ገበያ ይዟል፤ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግና ቶሎ ስለሚደርስ። ችግሩ እርጥቡን ተጠርቦ መሸጡ ነው።

እርጥብ እንጨት ምን ያደርጋል? እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በውፍረቱ ግን ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ሊኮማተር ይችላል፤ በዓመት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ በክረምት የገባ እርጥብ ዛቢያ በጥር ላይ መወላለቁ የሠሪው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። መፍትሔው ጠርቦ ጥላ ሥር ወራት ማቆየት ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ይሰነጥቀዋል።

የላላውን መጥረቢያ ውኃ ውስጥ ነክረው ሲያጠብቁት አይተዋል? ለዚያ ቀን ይሠራል። ግን እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱ ስለማይሰፋለት የእንጨቱ ጭረቶች እርስ በርሳቸው ይጨፈለቃሉ፤ ሲደርቅ ከበፊቱ ቀጥኖ ይገኛል። ሦስትና አራት ጊዜ የተነከረ ዛቢያ ከቀዳዳው በራሱ የሚወጣው ለዚህ ነው። ደረቅ ሽብልቅ መጨመር ይሻላል።

ጠፍር ግን ከውኃ ጋር ያለው ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ያልለፋ ጥሬ ቆዳ እርጥቡን ተጠምጥሞ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የተሰነጠቀን እጀታ እንደ ብረት ቀለበት አጥብቆ ይይዛል። የማረሻው ምራንም ከዚሁ ከቆዳ ወገን ነው። ዛሬ በከተሞቹ ገበያ የመኪና ካላማዳሪያ ተቆርጦ ይጠመጠማል፤ ለእጅ ይለሰልሳል፣ አያንሸራትትም፣ ብዙ ወጪ የለውም። መልኩን የማይወዱ አሉ፤ እኔ ግን ጥሩ መላ ነው እላለሁ።

እንሰት የሚፋቅበት መሣሪያ እጀታ የለውም። ከ20 ሚሊዮን ለማያንስ የኢትዮጵያ ሕዝብ ምግብ የሆነውን ተክል ሀዲያና ከምባታ ላይ የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው። ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ የእንሰቱ ቅጠል ግንድ ይጋደማል፤ ብዙ ጊዜ በተረከዝ ተደግፎ ይያዛል፤ ከዚያ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከዳርና ከዳር በሁለት እጅ ተይዞ ከላይ ወደ ታች ይፋቃል። ሥሩ ደግሞ ጥርስ በወጣለት እንጨት ይከተከታል። ቆጮው ሊጋገር ሲል ቃጫው በቢላ ደጋግሞ ይከተፋል። ይህ ሁሉ ሰዓታት የሚወስድ ነው፤ አንጓውን፣ ትከሻውን፣ ወገቡን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለወንዱ ዶማና መጥረቢያ ሲታሰብ የኖረው የእጀታ ጥበብ ለሴቷ መፋቂያ ሳይታሰብ መቅረቱ ያሳዝነኛል። በቅርብ ዓመታት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች ተቋማት የእንሰት መፋቂያና መፍጫ ማሽኖች ሠርተው አቅርበዋል። ማሽን ሁሉም ቤት እስኪገባ ግን ቀርከሃው ዳርና ዳር ላይ ጨርቅ ወይም ካላማዳሪያ ቢጠመጠምለት እንኳ ለመዳፍ ትልቅ ነገር ነው።

በመስከረም ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብሩ ቢላ ከሰገባው ይወጣል። በሬ በማኅበር ተገዝቶ ይታረዳል፤ ሥጋ ይከፋፈላል። ከበዓሉ በፊት ስለቱን ማሳል ሁሉም ያስታውሳል። እጀታውን ግን ማን ይፈትሻል? ቅባት በነካው እጅ የሚወላለቅ ቢላ ከደነዘ ቢላ የበለጠ ሰው ይቆርጣል። እጀታውን ይያዙና ብረቱን ይነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ከበዓሉ ሳምንት አስቀድሞ ወደ አንጥረኛው ይውሰዱት።

አሁን ወደ ሽጉጡ። ሲንግል አክሽን ስለሚባለው ሽጉጥ ሰምተው ይሆናል። በየተኩሱ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበል የግድ የሚልበት ባለ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ቃታው መዶሻውን ከመልቀቅ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ታዋቂው እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የአሜሪካኖች ኮልት ነው። የእጀታው ቅርጽ ወደ ታች የተቆለመመ ሲሆን ምክንያት አለው፤ ሲተኮስ በመዳፍ ውስጥ በትንሹ ተንከባሎ ወደ ላይ ይነሣል፤ መዶሻው ወደ አውራ ጣት ይቀርባል፤ ለሚቀጥለው ማቀባበል ይመቻል። ያንን እጀታ በወፈረና ጣት በሚይዝ ሌላ እጀታ የተካ ሰው ርግጫውን ይቀንስ ይሆናል፤ መንከባለሉን ግን ያጣል። የእጀታ ለውጥ የመሣሪያውን ጠባይ ይለውጣል የሚባለው እንዲህ ነው።

የዚህ ኮልት የመጀመሪያ እጀታ አንድ ወጥ የዋልነት እንጨት ነበር፤ እሱን ለማውጣት የእጀታውን የኋላ ብረት መፍታት ያስፈልጋል። ቆይቶ በሁለት ገበታ የሚሠራው ጠንካራ ጎማ መጣ። ሁለቱ ገበታዎች ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው በአንድ ቪቴ ይያያዛሉ፤ ከታች ትንሽ የብረት ዘንግ ቦታቸውን ይጠብቃል። ይኸውና የገጀራው አገጣጠም።

አዲስ የተገዛ የሽጉጥ እጀታ ለምን አልገጥምም ይላል? ፋብሪካ ውስጥ እንጨቱና ብረቱ አንድ ላይ ተገጥመው አንድ ላይ ስለሚፋቁ፣ እያንዳንዱ ፍሬም ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። ስለዚህ ደኅና ሠሪ ለምትክ የሚሆነውን ገበታ ሆን ብሎ ከብረቱ ትንሽ አትርፎ ይሠራዋል፤ የቀረውን የሚገጥመው ሰው ያስተካክላል። ሥራው የትዕግሥት ነው። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ጎራሾቹ አንድ በአንድ ታይተው ይረጋገጣል። ብረቱ እንዳይጫር በፕላስተር ይሸፈናል። እንጨቱ የሚነካበትን ቦታ ለማወቅ ብረቱ በስሱ ጥላሸት ይቀባና ገበታው ይገጠማል፤ ሲወጣ የጠቆረበት ቦታ ብቻ ይፋቃል። ከዚያ እንደገና ይገጠማል፣ እንደገና ይፋቃል። ሞረድ ለመጀመሪያው፣ ብርጭቆ ወረቀት ለመጨረሻው። እጀታው ውስጥ የመዶሻው ዋና ዝርግ ሞላ ስላለ እንጨቱ ሞላውን መንካት የለበትም፤ ከነካ ማቀባበሉ ይከብዳል፣ አመታቱም ይሰንፋል። ቪቴው ጠብቆ ሲቆም በቃ፤ ከዚያ አልፎ የሚያጠብቅ ሰው ገበታውን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። በሙጫ ባልጩት የሚያጣብቀው የሀዲያ ባለሙያና በካቻቪቴ ዋልነት የሚገጥመው የአሜሪካ ባለሙያ አንድ ጥያቄ ነው የያዛቸው፤ ጠንካራውን ከለስላሳው ጋር ያለ ንቅናቄ እንዴት ላስማማ?

የድሮ ቅርጽ ያለው ሲንግል አክሽን ሲያዝ መዶሻው የሚያርፍበት ጎራሽ ባዶ ይተዋል፤ ስድስት ጎራሹ አምስት ብቻ ይጎርሳል። መሬት ላይ ወድቆ መዶሻው ቢመታ እንዳይተኩስ ነው። የአሜሪካው ሩገር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1973 በመዶሻውና በጥይቱ መካከል የሚነሣና የሚወርድ ብረት አስገብቶ ይህን ስጋት አስወገደ። በአገራችን ደግሞ መሣሪያ መያዝ ከፈቃድ ጋር ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛዋል። እጀታ ልቀይር የሚል ባለፈቃድም መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ይህንኑ ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ ያስታውሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣ ስጦታ ነበር። በሰደፉ ላይ የብር ሰሌዳ ተለጥፎ ስጦታው ለእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለ ተደረገው ደግነት የተሰጠ ምስጋና መሆኑ ተቀርጾበት እንደ ነበር በእንግሊዞች የመቅደላ ዘመቻ የነበረው ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ ጽፏል። የወዳጅነት ቃል የተጻፈው እጀታው ላይ ነው፤ መዳፍ በሚያርፍበት ቦታ። ወዳጅነቱ ፈርሶ ጦር ሲመጣ ንጉሡ የጨበጡት ያንኑ ቃል ነበር።

የአሜሪካው ጀኔራል ጆርጅ ፓተን ዘመኑን ሁሉ የያዘው ኮልት እ.ኤ.አ. በ1916 የገዛው ነው፤ እጀታው የዝሆን ጥርስ ነበር። ጋዜጠኞች ዕንቁ ነው ሲሉ ይቆጣ ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ የመሳፍንቱ ጎራዴና ሾተል እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር። ቀንዱ አጥንት የለውም፤ ከጥፍርና ከጠጉር ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ሲፋቅ የሚያምረው፣ በእጅ ሲያረጅ የሚያበራው። ባሕር ተሻግሮ የመን ውስጥ የጩቤ እጀታ የሚሠራው ከዚሁ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአፍሪካን አውራሪስ ካመናመኑት ገበያዎች አንዱ ያ ነው። ለእጀታ ሲባል አንድ ታላቅ እንስሳ ሊጠፋ ደረሰ። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1989 ታገደ፤ ኢትዮጵያም መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የተያዘ ጥርስ አዲስ አበባ ላይ በእሳት አቃጥላለች። እንዲህ መሆን ነበረበት። የበሬ ቀንድ አለን፤ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ይጠፈጠፋል፣ ለቢላ እጀታ ያምራል፤ ማንም አይሞትበትም፣ በሬው ለሥጋ የታረደ ነውና።

ለእንጨት እጀታ ከቬርኒሽ ይልቅ የተልባ ዘይት ይሻላል። ቬርኒሽ ላዩን ይሸፍናል፤ በላብ ይላጣል፣ መዳፍ ላይም ውኃ ያስቋጥራል። የተልባ ዘይት ግን እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠነክራል። የጠመንጃ ሰደፍ ሠሪዎች በመላው ዓለም ለረጅም ዘመን ይህንኑ ሲቀቡ ኖረዋል። ስስ አድርጎ መቀባት፣ ማድረቅ፣ መድገም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተቀባበት ጨርቅ ተጨባብጦ ጥግ ከተጣለ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ይህን ሁሉ ጥበብ የያዙት ሰዎች ምን ተብለው ኖሩ? ሀዲያና ከምባታን ጨምሮ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ተንቀው ኖረዋል። ከገበሬ ልጅ ጋር አይጋቡም፤ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጡም፤ መሬት ማግኘት ይቸግራቸው ነበር። የሥራቸው ስም ራሱ ስድብ ሆነ። ያለ እነሱ ማጭድ የለም፣ ማረሻ የለም፣ የሚተኛበት ቁርበት የለም፤ የሚገዛቸውና የሚሰድባቸው ግን አንድ ሰው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን አጥብቀው አወገዙ፤ አንጥረኛውንም ሸማኔውንም የሚሳደበው ሰው ሰነፍ መሆኑን፣ እየሠሩ መኖር የሚያስከብር መሆኑን አሳሰቡ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ግን ከየገበያው ጨርሶ አልወጣም፤ ይህ አሳፋሪ ነው፣ ማለባበስም አያስፈልገውም።

በስፖንጅ ፍራሽና በፕላስቲክ ምንጣፍ ዘመን የቁርበት ፈላጊ አንሷል። ቆዳው ሳይፋቅ በጨው ታሽቶ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። የባልጩት መፋቂያውም ባለሙያ ልጁን ወደ ሌላ ሥራ ቢሰድ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ከእሱ ጋር የሚሄደው ግን የድንጋዩ አፈላለጥ ብቻ አይደለም። የትኛው ዛፍ ሙጫ ለዚህ ይሆናል፣ በምን ያህል እሳት ይቀልጣል፣ ምን ይቀላቀልበታል፣ የእጀታው ጉድጓድ ወዴት ያዘነብላል፣ እንጨቱ በየትኛው ወር ይቆረጣል የሚለው ሁሉ ነው። ድንጋዩ መሬት ውስጥ ይቆያል፤ እጀታው ግን ምስጥ ይበላዋል። ሆሳዕናም ዱራሜም ላይ ግቢ ካለው ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ ተቋም ለእነዚህ ባለሙያዎች የለም። አንድ እጀታ ከነሙጫውና ከነባልጩቱ ገዝቶ፣ የሠራውን ሰው ስም በፈቃዱ ጽፎ፣ ሲሠራ በቪዲዮ ቀርጾ፣ ለወሰደበት ጊዜም ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ ማስቀመጥ በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ ሥራ ነው።